አውራ ጣት

ከዓሣ ገበያው ጀርባ፣ ከጀልባ መጠገኛው ማዶ፣
ሙዚየሙ ቆሟል፣ ጨው በልቶት፣ ልስኑ ተንዶ።
በሩ ላይ አርጊሮ ሹራብ ትሠራለች፤
ቀና ሳትል ትኬት፣ ሳትቆጥር መልስ ትሰጣለች።
«ቦርሳህን እዚህ ተው። እጅህን ኪስህ ውስጥ ከተህ ግባ፤
ሃያ ዓመት ጠበቅኩት ይህን ቤት፤ ጣት ነው የድንጋይ ሌባ።»

ፊተኛው አዳራሽ፦ አፍንጫ ያጡ ገዢዎች፣
ክንድ ያልተረፋቸው ኃይለኞች፣
ስማቸው ተፍቆ ጢማቸው የቀረ ዳኞች።
አንዱ የሮም ሹም አገጩን ቀና አድርጎ ያያል ወደ ጣራው፤
ሸረሪት በድሯ ሰፍታዋለች ጆሮውን ከትከሻው።
ነጭ ነው ያልኩት እብነ በረድ ለካ ነጭ አልነበረም፤
ከቀሚስ እጥፋት ሥር ቀይ ቀለም ተደብቋል ዛሬም።
ዝናብ አጥቦ፣ ሊቅ አድንቆ ነው ነጭ ያደረገው፤
ሠሪውማ ለበዓል እንደሚወጣ ሰው ነበር ያስጌጠው።

ምድር ቤት ወረድኩ።
እዚያ ነው የነሐሱ ልጅ፣ ቁመቱ የእኔው፣
አንድ እግሩን ባሕር ያስቀረው፣
ሚኬስ የሚባል አሥጋሪ በመረብ የሳበው፤
ሬሳ መስሎት አማትቦ፣ ፖሊስ ጠርቶ፣
በሸራ ሸፍኖት አደረ፣ ሻማ አብርቶ።
የወደቡ መዝገብ ዛሬም ይላል፦ «ወንድ፣ ዕድሜው ሃያ ገደማ፣
ልብስ የለውም፣ ዘመድ አልቀረበም፣ ስሙ ያልተሰማ።»

ለፍቴሪስ፣ ጠጋኙ፣ ጓንቱን አጥልቋል፤
የሦስተኛ ክፍል ልጆች መሬት ተቀምጠው ከበውታል።
በጎደለው እግር በኩል እንደ ትል የቀጠነ ካሜራ ይሰዳል።
«መጀመሪያ ሰም ነበር፣» ይላል፣ «በእጅ የለሰለሰ፤
ጭቃ ለበሰ፣ እሳት ገባ፤ ሰሙ ቀልጦ ፈሰሰ፤
ሰሙ በለቀቀው ቦታ ነሐሱ ነገሠ።»

እኔ ከኋላቸው ፈገግ አልኩ ለብቻዬ፤
ሰም አላፊ፣ ወርቅ ቀሪ፣ ብዬ፣
ስንት ቅኔ ፈታሁ፣ ሰሙን አቅልጬ ጥዬ!

ያን ጊዜ፣ ከጭኑ በላይ፣ ከእምብርቱ ጀርባ፣
ብርሃን ከሁለት ሺህ ዓመት በኋላ ገና ሲገባ፣
ስክሪኑ ላይ
አውራ ጣት ታየ።
ጣት ሳይሆን ዱካው፤ ሰሙን ሲጫን የቆየ፤
ዙሩ እንደ ግንድ ቀለበት፣
መሃሉ ላይ ቢላ ያለፈበት ጠባሳ የለየ።

ውጪውን ለአምላክ፣ ለከፋዩ፣ ለአደባባይ፣
ሲያለሰልስ ውሎ እስኪጠልቅ ፀሐይ፣
«ውስጡን ማን ያየዋል?» ብሎ ይሆናል፤
ተጫነው፤ አለፈ፤ እራት ደርሶ ይሆናል።
ምናልባት ተለማማጅ ነበር፣ ወይ የተገዛ ባሪያ፣
ከተሸጠበት ዋጋ በቀር የሌለው መጠሪያ።
እና ያ አላፊ ያልነው ሰም፣ ከመፍሰሱ በፊት፣
ለነሐሱ ሹክ ብሎት ሄደ የአንድ ሰው ውሎ፣ የአንድ ሰው ጣት።

ልጆቹ ጸጥ አሉ። አንዷ፣ ዛምፒያ የምትባል፣ እጇን አወጣች፤
«እጁን ታጥቦ ነበር?» ብላ ጠየቀች።
ለፍቴሪስ ሳቀ፤ መልስ ግን አልነበረውም።
ከዚያ ሁሉም ተነሡ፤ ማንም ሳያዛቸው፣
የመስታወቱን ሳጥን ተጫኑት በአውራ ጣታቸው፣
መምህርቷ «ተዉ!» እስክትላቸው።

ሊዘጋ ሲል አርጊሮ ጨርቅና ባልዲ ይዛ ወረደች።
በልጅ ቁመት የተሰለፉትን ጣቶች አየች፤
ቆማ አየች።
ከዚያ አንድ በአንድ፣ ሳትቸኩል፣ ወለወለች።
«የማክሰኞ ሥራ ነው፣» አለች፤ «ሐሙስ ሌሎች ይመጣሉ።»

በሩ ላይ ትኬቴን ጠየቀችኝ። እጄን ከኪሴ ሳወጣ፣
ላቤ አርሶት፣ ቀለሙን ለቆ፣
ከነዙሩ ጣቴ ወረቀቱ ላይ ወጣ።
አርጊሮ ተቀበለችኝ፤
ቅርጫት ውስጥ ጣለችው፤
ሹራቧን አነሣች።